ክረምት ላይ የጠፉት 129 ድኩላዎች

ጥያቄ፦ “በዱር እንስሳት ሥነ ምህዳር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። 40 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን የደጋ ደን ውስጥ የምኒልክ ድኩላን ብዛት አጠናለሁ። እያንዳንዳቸው 2.5 ኪሎ ሜትር የሆኑ 9 ትራንሴክቶች (የመቁጠሪያ መስመሮች) አውጥቼ በበጋ 4 ጊዜ፣ በክረምት 4 ጊዜ ተጉዤባቸዋለሁ። በበጋ 143፣ በክረምት 86 ድኩላ ቆጠርኩ። በግራና በቀኝ 100 ሜትር ወስጄ ሳሰላው ደኑ በበጋ 320፣ በክረምት 191 ድኩላ ይኖረዋል። ካይ-ስኩዌር በተባለው የስታቲስቲክስ ፈተና ልዩነቱ ጉልህ ነው፤ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። ረቂቄን ያዩ አንድ ፈታኝ ግን ‘129ኙ የት ሄዱ?’ ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አጣሁ። አማካሪዬ ‘ሁልጊዜም የሚሠራው እንዲህ ነው’ ይላሉ። የቀረኝ ሁለት ወርና 18,000 ብር ነው። ካሜራ ልትከል? ውጭ አገር ያለ ጓደኛዬ እንደመከረኝ ፋንድያ ሰብስቤ ለዲኤንኤ ምርመራ ልላክ? ወይስ የሁለቱን ወቅት አማካይ ወስጄ 255 ግድም ነው ብዬ ልዝጋው?”

ጠያቂዋ የደኑ ስም እንዳይጠቀስ ጠይቃለች። መልሼ ስጠይቃት ሦስት ነገር ጨምራልኛለች፦ ከ9ኙ መስመሮች 6ቱ የእግር መንገድ ተከትለው የወጡ ናቸው፤ ርቀት የመዘገበችው በበጋ ብቻ ሲሆን እሱም ከቆመችበት እስከ እንስሳው ያለውን በዓይን ግምት ነው፤ አንዳንዴ ሁለት ሆነው ስለሚገኙ 143ቱ ድኩላዎች የታዩት በ118 አጋጣሚዎች ነው።

ምላሽ፦ 129ኙ የትም አልሄዱም። ድኩላ በጠባብ ክልል ውስጥ ጥሻውን ለምዶ የሚኖር፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚውል፣ ወቅት ጠብቆ ከደን ወደ ደን የማይሰደድ እንስሳ ነው። ከመቶ 40 የሚሆነው ድኩላ ሐምሌ ላይ ጓዙን ጠቅልሎ ወጥቶ ጥር ላይ ይመለሳል ብትዪው የአካባቢው እረኛ ይስቅብሻል። ክረምት ላይ የቀነሰው አንቺ ከመስመርሽ ላይ ሆነሽ ማየት የቻልሽው ነው። ፈታኙ በአንዲት ጥያቄ የጥናትሽን ማገር ነክተውታል፤ ልታመሰግኛቸው ይገባል።

ስሌትሽን አብረን እንድገመው። 143ን ለ4 ዙር አካፍለሽ 36 ግድም አገኘሽ። 9 መስመር፣ በ2.5 ኪሎ ሜትር፣ በግራና በቀኝ 100 ሜትር ስፋት ሲባዛ 4.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። 36 ለ4.5 ሲካፈል 8፤ በ40 ሲባዛ 320። ሒሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ 100 ሜትር የምትይው ቁጥር የተሸከመው ግምት ነው፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ የነበረ ድኩላ ሁሉ አንድም ሳይቀር ታይቶኛል ማለትሽ ነውና። አሁን ይህን ሞክሪ። ክረምት ላይ ቅጠሉ ስለበዛና ሣሩ ስላደገ በደህና የሚታይሽ እስከ 60 ሜትር ብቻ ነበር እንበል። የሸፈንሽው ስፋት 2.7 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። የክረምቱ የአንድ ዙር አማካይ 21.5 ነው፤ ለ2.7 ሲካፈል 7.96፣ በ40 ሲባዛ 318። ጠፉ የተባሉት ድኩላዎች ሁለት ብቻ ሲቀሩ በሙሉ ተመለሱ፤ ደኑ ውስጥ ግን አንድም እንስሳ ከተኛበት አልተነሣም።

60 ሜትሩን እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ የፈጠርኩት ቁጥር ነው። ያንቺም 100 ሜትር ከዚህ የተሻለ መሠረት የለውም፤ ምናልባት ከቀድሞ ተማሪዎች ጽሑፍ የመጣ ነው። በጥድና በአስታ ጥሻ ውስጥ በበጋም ቢሆን 100 ሜትር ላይ የተኛ ድኩላ አይታይም። ቆጠራ ሁልጊዜ የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ በቦታው ያለው እንስሳ ብዛት እና አንዱ እንስሳ ለቆጣሪው የመታየት ዕድሉ። ሁለተኛውን ያልለካ ሰው ስለ መጀመሪያው መናገር አይችልም።

የመታየት ዕድሉን የሚለውጠው ደግሞ ቅጠል ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ እርሻው በሰብል ስለሚያዝ ከብቱ ወደ ደን ይገፋል፤ ከእረኛና ከውሻ የሚሸሽ ድኩላ ጥሻ ይይዛል። መከሩ ሲሰበሰብ ከብቱ ወደ ታጨደው ማሳ ይሄድና ደኑ ጸጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ድኩላው ጠርዝ ላይ ወጥቶ ቅጠል ሲቀነጥብ ይገኛል። ባሌ ውስጥ ዲንሾ፣ በብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ የተዘዋወረ ሰው ድኩላና የደጋ አጋዘን ሰው መኖሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ሲመገቡ ያያል። ያው ድኩላ፣ ሰው በሚያሳድደው ደን ውስጥ እንደ ውሻ አንዴ ጮኾ ይሰወራል፤ ድምፁን ትሰሚያለሽ እንጂ ቀንዱን አታዪም። ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ዓይነት የ100 ሜትር ስሌት ብታነጻጽሪ የምታገኚው የእንስሳቱን ድፍረት እንጂ ብዛታቸውን አይሆንም።

ወደ ካይ-ስኩዌሩ ልለፍ። 143ና 86 ሲነጻጸሩ ውጤቱ 14.2 ግድም ነው፤ ጉልህ ቢባል አይደንቅም። ነገር ግን ይህ ፈተና እያንዳንዱ ቆጠራ ከሌላው ጋር የማይገናኝ ራሱን የቻለ ምልከታ ነው ብሎ ይነሣል። አንቺ በአንድ መስመር 4 ጊዜ ስትመላለሺ፣ ወንዝ ዳር የሚውለውን ያንኑ ጥቁር ወንድ 4 ጊዜ መዝግበሽው ይሆናል። 143 ያልሻቸው 143 የተለያዩ እንስሳት አይደሉም። የናሙናሽ መጠን 9 ነው፤ 9 መስመር። በቤተ መጻሕፍቶቻችን መደርደሪያ ላይ “የእገሌ እንስሳ ብዛት፣ ስርጭትና የቀን እንቅስቃሴ” የሚል ርዕስ ይዘው የተደረደሩት የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ በዚህች ነጥብ ይወድቃሉ። አማካሪሽ “ሁልጊዜም የሚሠራው እንዲህ ነው” ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ሁልጊዜም ስንሳሳት ኖረናል። እኔም ከተሳሳቱት አንዱ ነኝ።

መንገድ ተከትለው የወጡት 6 መስመሮች ሌላ ጣጣ አላቸው። የእግር መንገድ ደኑን አይወክልም። ለሰው የቀለለውን፣ ተዳፋቱ የረገበበትን፣ ዛፉ የሳሳበትን ቦታ መርጦ ይሄዳል። ድኩላው መንገዱን የሚሸሽ ከሆነ ቁጥርሽ ያንሳል፤ ዳር ዳሩን ያለውን ለጋ ቅጠል ፈልጎ የሚመጣ ከሆነ ይበዛል። የትኛው እንደሆነ ከእጅሽ ባለው መረጃ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ “በ40 ሲባዛ” የምትለው የመጨረሻ እርምጃ በየትኛውም ስልት አትድንም።

በበጋ የመዘገብሽው ርቀትስ? ያሳዝናል፤ ለጥግግት (በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስንት እንስሳ እንዳለ) ስሌት አይበቃም። የርቀት ናሙና የሚባለው ስልት የሚፈልገው እንስሳው ከመስመሩ በቀጥታ ወደ ጎን ያለውን ርቀት ነው። አንቺ የጻፍሽው ከቆምሽበት እስከ እንስሳው ያለውን ነው። 60 ሜትር ፊት ለፊት፣ ከመስመሩ 30 ዲግሪ ፈንጠር ብሎ የታየ ድኩላ ከመስመሩ ያለው ርቀት 30 ሜትር ብቻ ነው። ማዕዘኑ ካልተመዘገበ አንዱን ወደ ሌላው መቀየር አይቻልም፤ የቆምሽበትን ነጥብ በጂፒኤስ መያዝሽም ለዚህ አይረዳም። በዚያ ላይ የዓይን ግምት አለ። ቅጽሽን ብታዪው ቁጥሮቹ 20፣ 50፣ 100 ላይ ተከማችተው እንደምታገኚያቸው እወራረዳለሁ። በተማሪነቴ ርቀት በዓይን በመገመት እኮራ ነበር። አንድ ቀን አብሮኝ የሚሄደው ስካውት (የዱር እንስሳት ጠባቂ) “እስቲ በገመድ እንለካው” አለኝ፤ 50 ሜትር ብዬ የጻፍኩት የኮሶ ዛፍ 31 ሜትር ላይ ቆሞ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን አላምነውም።

ወደ ምርጫዎችሽ ስንመጣ፣ 255ን እርሺው። የሁለት ስህተቶች አማካይ ሦስተኛ ስህተት ነው።

ካሜራ ደስ የሚል መሣሪያ ነው፤ ፎቶውም ጽሑፉን ያሳምራል። ድኩላን ግን ነብርን በነጥቦቹ እንደምንለየው አንድ በአንድ ለይቶ መቁጠር አስቸጋሪ ነው። ሳይለዩ የሚያሰሉት ስልቶች ደግሞ የእንስሳውን የቀን ጉዞ ፍጥነትና የካሜራውን የማየት ስፋት በትክክል መለካት ይጠይቃሉ። በ18,000 ብርና በሁለት ወር የሚሆን አይደለም። በጠጥ ቆጠራም አንዳንዴ ይመከራል፤ በጠጡ ስንት ቀን እንደሚቆይና አንድ ድኩላ በቀን ስንቴ እንደሚጥል ማወቅ ግድ ነው። ፍየልና በግ በሚሰማራበት ደን ውስጥ ደግሞ የማንን በጠጥ እንደቆጠርሽ ለፈታኝ ማስረዳት ይኖርብሻል።

ፋንድያ ወደ ውጭ መላኩን በተመለከተ ማስጠንቀቂያዬን በግልጽ ልናገር። ፋንድያ፣ ፀጉርና ደም የጄኔቲክ ሀብት ናሙናዎች ናቸው። ከአገር የሚወጡት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ነው። በጓደኛ ሻንጣ የተላከ ፋንድያ መመረቅሽን ከማሰናከል አልፎ በሕግ ሊያስጠይቅሽ ይችላል። ውጤቱም ቢመጣ ምንጩን መግለጽ ስለማትችዪ አይታተምልሽም። ሐሳቡ ለዶክትሬትሽ ይቆይ።

እኔ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ደኑ ተመለሺ፣ ለ20 ቀን ብቻ፣ በዚህ በጋ። የክረምቱንና የበጋውን ብዛት ማነጻጸሩን ሙሉ በሙሉ ተዪው። በምትኩ በርቀት ናሙና ስልት አንድ ወቅት ላይ አንድ ጥግግት በትክክል ለኪ። ቁጥሮቹ ይፈቅዱልሻል። ይህን ስልት ያደራጁት ስቲቨን ባክላንድና ባልደረቦቻቸው በመስመር ቆጠራ ቢያንስ ከ60 እስከ 80 አጋጣሚ፣ ቢያንስ ከ10 እስከ 20 መስመር እንዲኖር ይመክራሉ። አንቺ በበጋ 90 ኪሎ ሜትር ተጉዘሽ 118 አጋጣሚ አግኝተሻል፤ በኪሎ ሜትር 1.3 ግድም። 9 ረጃጅም መስመሮችን ትተሽ እያንዳንዳቸው 1.5 ኪሎ ሜትር የሆኑ 15 አጫጭር መስመሮች አውጪና 3 ጊዜ ተጓዢባቸው። 67.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ዕድሉ እንደ በፊቱ ከሆነ 88 አጋጣሚ ማለት ነው። ከመንገድ ስለምትወጪ ይቀንስ ይሆናል፤ ሩቡ እንኳ ቢቀነስ ከ60 አትወርጂም።

መስመሮቹን ደን ውስጥ ቆመሽ አትምረጪ። ቢሮ ውስጥ ካርታ ላይ እኩል ተራርቀው እንዲወጡ አድርጊ፣ የመጀመሪያው የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ በዕጣ ወስኚ፤ ከዚያ ወደ ጂፒኤስ ጫኚያቸው። ከወንዙ ወደ ሸንተረሩ የሚወጡ ይሁኑ፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ መስመር ታቹን ጥሻም ላዩን አስታም ይነካል። ገደል ከገጠመሽ ቁሚ፣ በእርግጥ የተጓዝሽውን ርዝመት ጻፊ፤ ነፍስሽን ለ200 ሜትር አትስጪ። መስመር ስታወጪ ጥሻ አታስመንጥሪ፤ በጨርቅ ምልክት አድርገሽ ውጪና ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሺ፤ የገጀራ ድምፅ የሰማ ድኩላ በዚያ ቀን አይታይም።

በቀን ሦስት መስመር ይበቃል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ሁለት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አንድ። 45 ጉዞ በ15 ቀን ያልቃል፤ የተቀረው 5 ቀን መስመር ለማውጣትና ጉም ለሚውልበት ቀን ነው። በሰዓት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ አትሂዱ። ሁለት ሁኑ፤ አንዳችሁ ዓይናችሁ ከመስመሩ ላይና ከቅርቡ አይነሣ። የስልቱ ትልቁ ግምት መስመሩ ላይ ያለ እንስሳ አያመልጥም የሚል ነው። ተማሪዎች የሩቁን ሲያማትሩ እግራቸው ሥር የተኛው ድኩላ ካለፉት በኋላ ተነሥቶ ይሮጣል። ድኩላው ከሮጠ ርቀቱን የምትለኪው መጀመሪያ ወደ ነበረበት ቦታ ነው፤ ወደ ቆመበት አይደለም። ድምፁን ብቻ ከሰማሽ በሌላ ዓምድ ጻፊው፤ ከታዩት ጋር አትደምሪው።

በሌዘር ርቀት የሚለካ መሣሪያ ከደን ወይም ከቅየሳ ትምህርት ክፍል በውሰት ይገኛል፤ ደብዳቤ አጽፊ እንጂ አትግዢ። ካልተገኘ ድኩላው የነበረበትን ዛፍ ምልክት አድርገሽ ከዛፉ እስከ መስመሩ በሜትር ለኪ፤ እንዲያውም ማዕዘን መመዝገብ አያሻሽም። ከመነሣትሽ በፊት ለአዲስ አበባ ከሚቀርቡት ደኖች መናገሻ ሱባ የምኒልክ ድኩላ አለበት፤ አንድ ቀን ከረዳትሽ ጋር ሄዳችሁ ቅጹን ሞክሩት። ቅጽ ሁልጊዜ የሚበላሸው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ያ ቀን ከ15ቱ አንዱ ባይሆን ይሻላል።

ለስሌቱ ዲስታንስ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። በጣም የራቁትን ከመቶ 5 እስከ 10 የሚሆኑ አጋጣሚዎች አውጪያቸው፤ የሩቆቹ ጥቂቶች የመታየት ዕድል ከርቀት ጋር እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳየውን ኩርባ ያጣምሙታል። ውጤቱ አንዲት ቁጥር ብቻ ሆና እንዳትቀርብ። የመተማመኛ ወሰኑ (እውነተኛው ብዛት ይገኝበታል የሚባለው ከታች እስከ ላይ ያለው ክልል) ሰፊ ይሆናል፤ በዚህ የናሙና መጠን የላይኛው ጫፍ ከታችኛው እጥፍ ቢሆን አትደንግጪ፣ አትደብቂውም። ፈታኝ የሚፈራው ሰፊ ወሰን ሳይሆን ወሰን የሌለው ቁጥር ነው።

የድሮው መረጃ አይጣልም። በበጋ በኪሎ ሜትር 1.59፣ በክረምት 0.96 ድኩላ ታየ ብለሽ በየመስመሩ ለይተሽ አቅርቢው፤ 9ኙን መስመሮች ጥንድ በጥንድ አነጻጽሪ። “የመታየት መጠን” በዪው። ከብት የነበረበትንና ያልነበረበትን ቀን መዝግበሽ ከሆነ ደግሞ እሱ ራሱ ከብዛቱ የበለጠ የሚያነጋግር ምዕራፍ ይወጣዋል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የክረምቱን ርቀት ከትዝታ አትሙዪ። የተሞላ መሆኑ ኩርባው ላይ ይታወቃል።

ከመሄድሽ በፊት ሁለት ወረቀት ያስፈልግሻል። ደኑን ከሚያስተዳድረው የክልል መሥሪያ ቤት ያገኘሽው ፈቃድ ጊዜው አልፎ ከሆነ አሳድሺው፤ ደኑ በፌዴራል ፓርክ ክልል ውስጥ ከሆነ ጉዳዩ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ነው። ሁለተኛው የርዕስ ለውጥ ማመልከቻ ነው። አማካሪሽ ዘንድ ስትሄጂ ክርክር ይዘሽ አትሂጂ፤ ያቺን የ60 ሜትር ስሌት በአንድ ገጽ ጽፈሽ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪና 318 ስትወጣ ራሳቸው ይዩአት። ጉዞው በጸጥታም ሆነ በሌላ ምክንያት ካልተሳካ፣ የመታየት መጠኑን ብቻ ይዘሽ ጽሑፍሽን አስገቢ፤ ያን ጊዜ ግን “ብዛት” የሚለው ቃል ከርዕሱም፣ ከአጽሕሮቱም፣ ከማጠቃለያውም ይውጣ።